የሰፈራችን ሱቅ ፊቱን ለምን አጠቆረ?

ባለፈው ሳምንት ጎንደር ውስጥ ማራኪ በሚባለው ሰፈር አንድ ሱቅ ገባሁና የዘይት ዋጋ ጠየቅሁ። ባለሱቁ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሣ ነገረኝ። ሌላኛውን ዓይነት ጠየቅሁት፤ እሱንም ነገረኝ። ወደ ሦስተኛው ጠርሙስ ስጠቁም ግን ቀና አለና "ወንድም፣ ትገዛለህ ወይስ ዋጋ ልትመዘግብ ነው የመጣኸው?" አለኝ። ዝም ብዬ ወጣሁ። ደህና መልስ የመጣልኝ አስፋልቱን ከተሻገርኩ በኋላ ነው። ምን ያደርጋል!

ማታ ቡና ላይ ይህንን ሳወራ የየራሱን ያላመጣ ሰው አልነበረም። አንዷን "ዝርዝር የለኝም" ብለው በመልሷ ፋንታ ማስቲካ አስታቅፈዋታል። አንዱ "ስኳር አለ?" ብሎ ሲጠይቅ ባለሱቋ አፏን እንኳ አልከፈተችም፤ ምላሷን "ጽ" አድርጋ ሸኘችው። ከዚያ ወሬው ወደ ለመደው ቦታ ሄደ። "ጨዋነት ድሮ ቀረ።" "የጎንደር ሰው እኮ እንዲህ አልነበረም።" "ዘመኑ ነው እባክህ።"

ዘመኑ ነው የሚለው ላይ እስማማለሁ። ጨዋነት ጠፋ የሚለው ላይ ግን አልስማማም። የሱቅ ፈገግታ ከሰው ጸባይ ብቻ አይመጣም፤ የሚበቅልበት መሬት አለው። መሬቱ ዱቤ ነው፣ የረጋ ዋጋ ነው፣ ባንኮኒው ጀርባ የሚቆመው ሰው የሱቁ ባለቤት መሆኑ ነው። ሦስቱም ባለፉት ጥቂት ዓመታት ተነቃንቀዋል።

"ደንበኛ" የሚለውን ቃል እንየው። ገዢ ማንም ሊሆን ይችላል። መንገደኛም ገዢ ነው። ደንበኛ ግን ውስጡ "ደንብ" አለ። ከባለሱቁ ጋር ሳይጻፍ የጸና ደንብ ያለው ሰው ነው። "ደንበኛ ዶሮ ወጥ" ስንል እንደ ደንቡ የተሠራውን ማለታችን አይደል? የሰፈር ሱቅም እንደዚሁ ነው። ደንቡን የያዘው ደግሞ ደብተሩ ነበር።

ልጅ ሆኜ የምላከው አዲስ ዓለም ውስጥ ወዳለች አንዲት ጠባብ ሱቅ ነበር። አዲስ ዓለም የድሮ የነጋዴ ሰፈር ነው፤ በጎንደር ዘመን እስላም ቤት ይባል የነበረው፣ የሙስሊም ነጋዴዎች መኖሪያ። ሱቋን የያዙት ሽማግሌ መነጽራቸው አንዱ ጆሮ በክር የታሰረ ነበር። እርሳሳቸውም በክር ሚዛኑ ላይ ታስሯል፤ እንዳይጠፋ።

"አባባ፣ እማዬ ግማሽ ሊትር ላምባ ስጡኝ ብላለች።"

"ጉንፋኗ ተሻላት ወይ?"

"ተሻላት።"

"አልሐምዱሊላህ። ጠርሙሱን ወዲህ በል።"

ላምባውን በማንቆርቆሪያው ቀድተው ደብተሩን ይገልጡና በእናቴ ገጽ ላይ ይጽፋሉ። ገጹ ስሟ አልነበረበትም፤ የኔ ስም ነበር፣ "የእገሌ እናት" ተብሎ። ከዚያ ከብልቃጥ ውስጥ አንዲት ከረሜላ አውጥተው መዳፌ ላይ ያስቀምጡና "እናትህን ሰላም በልልኝ" ይሉኛል። ከረሜላዋ ምራቂ ናት። አማርኛችን ሲገርም! ለገዢ ጨመር ያደረገም "መረቀ" ነው፤ ሽማግሌ እጁን ዘርግቶ "እደግ ተመንደግ" ያለም "መረቀ" ነው።

ያኔ ደግ ሰው ናቸው ብዬ ነበር የማስበው። ደግም ነበሩ። አሁን ግን ያ "ጉንፋኗ ተሻላት ወይ?" የሚለው ጥያቄ ሥራም እንደነበር ይገባኛል። የዱቤን አሠራር እዩት። አስተማሪ፣ ነርስ፣ የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ የሚያገኘው በወር አንዴ ነው። በመካከሉ ቤቱ ሽሮ ይፈልጋል፣ ሳሙና ይፈልጋል፣ ሻማ ይፈልጋል። ባለሱቁ ያለ ወለድ ይሰጣል። ውል የለም፣ መያዣ የለም፣ ፊርማ የለም። ያለው ወሬ ብቻ ነው። ማን ታመመ? ማን ከሥራ ወጣ? የማን ቤት ኪራይ ተጨመረ? ማን ዕቃውን እየጠቀለለ ነው? ባለሱቁ ይህን ካላወቀ ገንዘቡ ይጠፋል። ስለዚህ ሰላም ይላል፣ ይጠይቃል፣ ያዳምጣል። ባንክ ቢሆን ለዚህ ሥራ ሠራተኛ ቀጥሮ ቢሮ ይከፍትለት ነበር። የኛ ባለሱቅ "እንደምን አደራችሁ" ብሎ ይጨርሰዋል።

በምላሹ ሰፈሩ ሌላ ሱቅ አይሄድም። ትርፉ እዚያ ላይ ነው። ለዚህ ደግሞ ያልተጻፈ ብዙ አገልግሎት ይጨመርበታል። የቤት ቁልፍ እሱ ጋ ይቀመጣል። ከአዘዞ በባጃጅ የተላከ ዕቃ እሱ ጋ ይወርዳል። ልጅ ከትምህርት ቤት መጥቶ በር ተቆልፎ ካገኘው የሱቁ ደፍ ላይ ይቀመጣል። ለቅሶ ሲሆን ድንኳኑን ማን ጋ እንደሚያገኙት የሚያውቀው እሱ ነው፤ ብዙ ጊዜ በአንድ ዕድር ውስጥ ናቸው።

እንግዲህ ይህ ሁሉ የቆመው ዋጋ ሲረጋ ነው።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተለቀቀ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ መቶ ብር ደረሰ፤ ከዚያም አለፈ። ዘይቱም፣ ዱቄት ሳሙናውም፣ የሕፃን ወተቱም ተከተለ። የምጣኔ ሀብቱን ክርክር ለባለሙያዎቹ ልተወውና ደብተሩ ላይ የደረሰውን ብቻ ልንገራችሁ። ባለሱቁ በወሩ መጀመሪያ አንድ ሊትር ዘይት በዱቤ ሰጠ። በወሩ መጨረሻ ገንዘቡ ተከፈለው፤ በሰዓቱ፣ ሳይጎድል። ያን ብር ይዞ ጅምላ ቤት ሲሄድ ያንኑ አንድ ሊትር ዘይት መልሶ አይገዛለትም። ማንም አልካደውም። ሆኖም ከሰረ። ይህ ሁለትና ሦስት ወር ሲደጋገም ምን ታደርጋላችሁ? ካርቶን ቀድዳችሁ "ዱቤ የለም" ብላችሁ ትለጥፋላችሁ።

ዱቤው ሲቀር እኔን ማወቁም ምንም አያደርግለትም። እኔም ከእሱ ጋር የሚያስረኝ ነገር የለም፤ ሁለት ብር ወደሚቀንሰው እሄዳለሁ። ባለሱቅና መንገደኛ ሆነን ቀረን። ሰላምታው ያጠረው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

ዋጋ መጠየቅም እንደ ድሮው አይደለም። ድሮ ጥያቄ ነበር፤ አሁን ክስ ሆኗል። "ትናንት እኮ እንዲህ አልነበረም!" ይህችን ቃል አንድ ባለሱቅ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚሰማት አስቡ። እያንዳንዱ ገዢ አንዴ ብቻ ነው የሚናገራት። እሱ ግን ከንጋት እስከ ማታ ሲሰማት ይውላል። ጭማሪውን ያመጣው እሱ አይደለም። ዕቃው ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ነው የሚመጣው። በክልሉ ግጭቱ ከተነሣ ወዲህ መንገዱ አንዴ ይከፈታል፣ አንዴ ይዘጋል፤ መኪናው ሲቆም ኪራዩ ይጨምራል። በመተማ በኩል የነበረውም ንግድ ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ሱዳን ውስጥ ጦርነት ከፈነዳ በኋላ እንደ ድሮው አልሆነም። ይህን ሁሉ ለሃምሳ ሰው ሃምሳ ጊዜ ማስረዳት አይቻልም። ስለዚህ "ከፈለግህ ውሰድ" ይላል። ጥሩ መልስ ነው እያልኩ አይደለም። ከየት እንደመጣ እያሳየሁ ነው።

ደግሞ ያ "ከፈለግህ ውሰድ" የሚለው ሰው ማን ነው? ብዙ ጊዜ ባለቤቱ አይደለም። ኑሮ ሲከብድ ባለቤቱ ሌላ ሥራ ጨምሯል፤ ሱቁን ለተቀጣሪ ልጅ ትቶታል። ቀበሌ 18 አካባቢ የማውቀው አንድ ልጅ አለ። ከደንቢያ ነው የመጣው። ሁልጊዜ ፊቱ እንደተኮሳተረ ነው፤ እኔም እንደ ሰፈሩ ሰው አማው ነበር። አንድ ቀን ማለዳ ዳቦ ፍለጋ ሄጄ ግማሽ የተከፈተውን በር አንኳኳሁ። ልጁ ከባንኮኒው ሥር ብቅ አለ። በማካሮኒ ካርቶኖች መካከል ፍራሽ አንጥፎ ነበር የተኛው። ፍራሹ ላይ የዘጠነኛ ክፍል መጽሐፍ ተዘርግቷል። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ሱቅ ይዘጋል፣ ንጋት 12 ሰዓት ይከፍታል፣ በመካከል ትምህርቱን ለማጥናት ይሞክራል። ጠረጴዛውም፣ አልጋውም፣ ማድ ቤቱም እዚያው ነው። ማታ ደግሞ ሂሳብ ከጎደለ ከደመወዙ ይቆረጣል።

ይህ ልጅ ምራቂ መጨመር አይችልም፤ አልተፈቀደለትም። ዱቤ መስጠትም አይችልም። ሃምሳ ሳንቲም መተው አይችልም። ባለቤቱ በደግነቱ የሚመሰገንበትን ነገር ሁሉ ልጁ እንዳያደርግ ተከልክሏል። የቀረችለት ፈገግታ ብቻ ናት። እሷንም በነጻ ከእሱ እንፈልጋለን።

አንድ ሌላ ምክንያት አለ፤ ብዙ ሰው አይነሣውም። ባለሱቅን "ገበያ እንዴት ነው?" ብላችሁ ጠይቁት። ሱቁ በሰው ተጨናንቆ ሳለ እንኳ "ኧረ ገበያ የለም" ይላችኋል። ትሕትና ይመስላል። ፍርሃትም አለበት። የትንንሽ ሱቆች ግብር ለብዙ ዓመት ሲወሰን የኖረው በግምት ነው። በ2009 ዓ.ም. ክረምት የወጣው የቀን ገቢ ግምት በየከተማው ስንት ነጋዴ እንዳስጮኸ እናስታውሳለን። ሱቁ ሞቅ ያለ፣ ሳቅና ጨዋታ የሚሰማበት ከሆነ ገቢው ብዙ ነው ይባላል። የማያውቁት ሰው ገብቶ ዋጋ በዋጋ ላይ ሲጠይቅ ደግሞ ባለሱቁ ልቡ ይጠረጥራል። ያ የማራኪው ሰውዬ "ዋጋ ልትመዘግብ ነው?" ያለኝ ለካ ቀልድ ላይሆን ይችላል!

እስካሁን ለባለሱቆች ጠበቃ የቆምኩ መሰለኝ። ሌላም ገጽታ አለው።

ጥሩ ፊት ሁሉ ጥሩ አገልግሎት አይደለም። "የኔ እመቤት፣ ነይ እስኪ፣ ጠፋሽ እኮ!" እያለ ሚዛኑን በጣቱ የሚያግዝ ሰው ሁላችንም እናውቃለን። ቅዳሜ ገበያ ላይ በርበሬ ስገዛ የተማርኩት ይህንን ነው፤ በጣም ስትወደድ ሚዛኑን እይ። በአንጻሩ ሰፈሬ ውስጥ አንዲት ሴትዮ አለች፤ ሰላምታዋን በሚዛን የምትሰጥ ነው የምትመስለው። ሽሮዋን ግን አፈር ሳይነካው፣ ኪሎዋን ሳታጎድል ስንት ዓመት ሸጠችልኝ። የተረሳ መልሴን በማግሥቱ ጠርታ ሰጥታኛለች። የትኛው ነው ጥሩ አገልግሎት? እኔ ሴትዮዋን እመርጣለሁ።

ወዳጅነቱም ቢሆን ለሁሉም እኩል አይደርስም። ስኳር ሲጠፋ ትዝ ይላችኋል? ለማያውቁት "የለም"፤ ለደንበኛ ደግሞ "በኋላ በር ና"። ፌስታሉ በጥቁር ላስቲክ ተጠቅልሎ ከባንኮኒው ሥር ይወጣል። ደንበኛው "ወርቅ ሰው ነው" ይላል። ለሰፈሩ አዲስ የሆነው ተከራይ፣ ለትምህርት የመጣው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ከገጠር ተፈናቅሎ የመጣው ቤተሰብ ደግሞ ባዶ እጁን ይመለሳል። የአንዱ ደግነት ከሌላው ድርሻ የተቆረጠ ነው። በደርግ ጊዜ በቀበሌ ሱቅ ሰልፍ የቆሙ ሰዎች ይህን በደንብ ያውቁታል። እዚያ ሸማቹ የሚሄድበት ሌላ ሱቅ አልነበረውም፤ ሻጩም ደመወዝተኛ ነበር። ፈገግ ቢልም ባይልም ኩፖኑ ያው ነው።

መታወቅ ራሱ የሚከብድበት ጊዜም አለ። አንዲት የምታውቀኝ ወጣት ፒያሳ ወዳለ ሚኒ ማርኬት ለምን እንደምትሄድ ስጠይቃት ሳቀች። "ሰፈር ውስጥ ሞዴስ ስገዛ ግማሹ ሰፈር ያውቃል" አለችኝ። ባለሱቁ በጋዜጣ ጠቅልሎ ሲሰጣት ጋዜጣው ራሱ ያስታውቅባታል። ሚኒ ማርኬቱ ውስጥ ዋጋው ዕቃው ላይ ተለጥፏል፣ ማንም አይጠይቃት፣ ከፍላ ትወጣለች። እናቷ ያንኑ ቦታ "ቀዝቃዛ" ይሉታል። ልጅቱ ደግሞ የምትሄደው ለዚያው ነው። የአዲስ ዓለሙን ሽማግሌ "ጉንፋኗ ተሻላት ወይ?" እንደ ናፍቆት አነሣሁት። ለአንዳንዱ ሰው ግን ይኸው ጥያቄ ክትትል ነው።

ሕጉ ስለዚህ ጉዳይ የሚለው ነገር መኖሩ ብዙዎችን ይገርማል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ሸማች በነጋዴ ዘንድ በትሕትናና በአክብሮት የመስተናገድ መብት አለው ይላል። ከስድብና ከዛቻ ይጠበቃል። ዓይነትና ጥራት ስላየ ወይም ዋጋ ስለተከራከረ ብቻ እንዲገዛ አይገደድም። ሦስት የዘይት ዋጋ መጠየቄ እንግዲህ በአዋጅ የተፈቀደ ነው ማለት ነው! ይህን ይዤ ተመልሼ ልሄድ አሰብኩና ተውኩት። በአዋጅ የሚመጣ ትሕትና ምን ዓይነት እንደሚሆን መገመት አያቅትም።

አዋጁ ውስጥ ግን ከትሕትናው አንቀጽ ይልቅ የሚጠቅም ሌላ ነገር አለ፤ ነጋዴ ዋጋውን በሚታይ ቦታ ይለጥፍ የሚለው። ሰፈራችን ውስጥ የሚለጥፈው ስንቱ ነው? እኔ በቅርቡ ያየሁት ሁለት ሱቅ ብቻ ነው። ባለሱቆቹን ስጠይቅ "ዋጋው በየሳምንቱ ይለዋወጣል፣ ማን በየጊዜው ይጽፋል?" ይላሉ። እውነት አላቸው። ቢሆንም ከሁለቱ አንዷ ትንሽ ጥቁር ሰሌዳና ጠመኔ ነው የምትጠቀመው። ዘይት፣ ስኳር፣ ምስር፣ ሽሮ፣ ሳሙና፣ አምስት ዕቃ ብቻ። ሲቀየር በመዳፏ ታጠፋና ትጽፋለች። ገዢው ደጅ ቆሞ አንብቦ፣ ተበሳጭቶ፣ ብስጭቱን ጨርሶ ይገባል። ወደ እሷ ሲደርስ በርዶለታል። ክርክሩ ከሰሌዳው ጋር ሆነ። ስለ መስተንግዶ የሚሰጡ ሥልጠናዎች ሁሉ "ፈገግ በሉ" ከማለታቸው በፊት ጠመኔ ቢያድሉ ደስ ይለኛል።

ስለ ተማሪዎችና ስለ ጥምቀት እንግዶች ብዙ ማለት ይቻላል፤ የእንግዳ ዋጋና የአገሬው ዋጋ የሚባለው ነገር ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል። ለሌላ ጊዜ ይቆየን።

ስልኩ ግን አይታለፍም። ቴሌብር ግንቦት 2013 ዓ.ም. ሲጀመር ለሰፈር ሱቅ የሚሆን አይመስለኝም ነበር። በ2015 ክረምት የሞባይል ዳታ ተቋርጦ ለብዙ ወራት ሲቆይም ሰው በ*127# እየደወለ ይከፍል ነበር። ዛሬ ከባንኮኒው ፊት ቁጥር ያልተለጠፈበት ሱቅ ማግኘት ይከብዳል። አንድ ትልቅ ጸብ አስቀርቷል፦ ዝርዝር። 37 ብር ከሆነ 37 ብር ትልካለህ፤ ማስቲካ የለም። በምትኩ አዲስ ጥርጣሬ አምጥቷል። የሐሰት መልእክት አሳይቶ ዕቃ ይዞ የሄደ አጭበርባሪ ያልገጠመው ባለሱቅ ጥቂት ነው። ስለዚህ ገንዘቡ በራሱ ስልክ እስኪገባ ድረስ ፌስታሉን አይለቅም። እጁ ፌስታሉ ላይ፣ ዓይኑ ስልኩ ላይ። ከአጠገቡ የቆመ ደንበኛ እንደ ሌባ የሚታይ ይመስለዋል።

ትናንት ማታ ያቺ ሰላምታዋን የምትመዝነው ሴትዮ ጋ ሽሮ ልገዛ ሄድኩ። ላክሁላት። የእሷ ስልክ ደግሞ ባለ ቁልፍ ነው፤ መልእክት ቶሎ አይገባለትም።

"ገባልሽ እትዬ?"

"ቆይ እስኪ። ኔትወርኩ ነው።"

ቆምኩ። እሷም ቆመች። ስልኩን አገላብጣ አየችው፣ አራገፈችው፣ መልሳ አስቀመጠችው። ዝምታው ሲረዝም ያስጨንቃል፤ ሁለታችንም የምናየው አጣን።

"እናትህ ጉልበቷን ተሻላት ወይ?" አለችኝ።

እንደሚያማት ማን እንደነገራት አላውቅም። ትንሽ እንደተሻላት፣ ደረጃ መውጣት ግን እንደምትፈራ ነገርኳት። የእሷም ግራ ጉልበቷ ብርድ ሲሆን እንደሚነሣባት ነገረችኝ። ጠበል ይሻላል ወይስ ሆስፒታል በሚለው ላይ ስንነጋገር ስልኩ ጮኸ። አንሥታ አየችው፤ ገብቷል። ሽሮውን አልሰጠችኝም፤ ገና ስለ ሐኪሙ አልጨረሰችም ነበር። ከኋላዬ አንድ ልጅ ብሩን ባንኮኒው ላይ እያንኳኳ "ዳቦ! ዳቦ!" ይላል።